«መሣሪያ የመታጠቅ መብት» በአሜሪካ ሕገ መንግሥት፦ ቃሉ ያኔ ምን ማለት ነበር፣ ለእኛስ ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም መደብር ያላችሁና ሌሊት የምትሠሩ፣ ሽጉጥ ስለ መግዛት ስትመካከሩ ብዙ ጊዜ የምሰማው ክርክር ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «ሕገ መንግሥቱ አይጣስም ብሏልና ማንም አያግደኝም» ይላል፤ ሌላው «መብቱ የተሰጠው ለሚሊሺያ እንጂ ለግለሰብ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ቃሉን የሚያነቡት ዛሬ በሚሰጠው ስሜት ነው፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን በ1791 ሲጸድቅ የዘመኑ ሰው እንዴት ይረዳው እንደነበር ይመረምራሉ።

መብቱ የተጻፈበት የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛው ማሻሻያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በሚገባ የሠለጠነ ሚሊሺያ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ በመሆኑ፣ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይጣስ ያዛል። ሚሊሺያ ሲባል ለእኛ የሚታየን የቀበሌው ታጣቂ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ቃሉ ለመዋጋት አቅም ያለውን ወንድ በሙሉ ይመለከት ነበር። በ1792 የወጣው የሚሊሺያ ሕግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለው ነፃና ነጭ ወንድ ዜጋ ሁሉ ተመዝግቦ ጠመንጃውንና ጥይቱን በራሱ ወጪ እንዲያዘጋጅ ያስገድድ ነበር። የዘር ገደቡ ከተነሣ ቆይቷል፤ ዛሬም ግን የፌዴራል ሕግ ከ17 እስከ 45 ዓመት ያሉ ጤነኛ ወንድ ዜጎችን «ያልተደራጀ ሚሊሺያ» ስለሚል፣ ዜግነት ያገኘ ወጣት ወገናችን ሳያውቀው ሚሊሺያ ሆኖ ይገኛል። «በሚገባ የሠለጠነ» ብዬ የተረጎምኩትንም ቢሆን የዛሬ አንባቢ «መንግሥት የሚቆጣጠረው» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ በዘመኑ አነጋገር ግን ሥልጠናና ሥርዓት ያለው ማለት ነበር።

የከረረው ክርክር «መታጠቅ» በሚለው ላይ ነው። ዜግነት ስትቀበሉ የምትምሉትን መሐላ አስታውሱ፤ ሕግ ሲያዝዝ ለአሜሪካ መሣሪያ እንደምትታጠቁ ትምላላችሁ። እዚያ ላይ ቃሉ ያለ ጥርጥር መዝመት ማለት ነው። የማሻሻያዎቹ አርቃቂ ጄምስ ማዲሰን በ1789 ባቀረበው ረቂቅም ሃይማኖቱ መሣሪያ መታጠቅ የሚከለክለው ሰው ራሱ ቀርቦ የውትድርና አገልግሎት እንዲሰጥ እንዳይገደድ የሚል ሐረግ ነበረ፤ በኋላ ወጣ እንጂ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ስቲቨንስ በ2008፣ የዋሽንግተን ዲሲ የሽጉጥ ክልከላ በተከራከረበት የሄለር ጉዳይ በልዩነት ሲጽፉ በእንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ተደግፈው ቃሉ ወታደራዊ ነው አሉ። ዳኛ ስካሊያ የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ ግን መታጠቅ ማለት መሣሪያ ይዞ መገኘት መሆኑን፣ ስለ ሚሊሺያ የሚናገረው መግቢያም ዓላማውን ቢገልጽ እንጂ መብቱን እንደማያጠብበው በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። በእኔ አስተያየት በታሪኩ ረገድ ስቲቨንስ የሚናቅ ሙግት አላቀረቡም፤ የሚሠራው ሕግ ግን የስካሊያ ነው።

ይሁንና ያው ውሳኔ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንፃ መሣሪያ መያዝን መከልከልም እንደሚቻል በግልጽ ተናግሯል። በዚያው ፍርድ ቤት በ2022 በብሩን ጉዳይ የመሣሪያ ክልከላዎች ከአገሪቱ ታሪክ ጋር እንዲመዘኑ ታዘዘ፤ በ2024 ደግሞ በራሂሚ ጉዳይ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበትን ሰው ትጥቅ ማስፈታት ከታሪኩ ጋር እንደሚስማማ በ8 ለ1 ተወሰነ። ስለዚህ ባልና ሚስት ተጋጭተው የእገዳ ትእዛዝ ከወጣ፣ «ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀኛል» ብሎ ሽጉጡን ቤት ማኖር ወንጀል ሊሆን ይችላል።

«ሕዝቡ» የሚለው ቃልም ቀላል አይደለም። ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ በዚህ ቃል ይታቀፋል ወይስ አይታቀፍም በሚለው የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አልተስማሙም። የፌዴራሉ ወንጀል ሕግ ግን እስከዚያው ይሠራል፤ ያለ ፈቃድ የሚኖረውንም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባውንም መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ግሪን ካርድ ያለው ይፈቀድለታል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠባበቁ ጠበቃ ሳታማክሩ መሣሪያ አትንኩ፤ የጓደኛን ሽጉጥ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ጨብጦ መተኮስ እንኳ ለክስ ይበቃል።

ደፍሮ የሚናገረው ሰው ጥቂት የሆነ አንድ ነገርም ልጨምር። መሣሪያ ስትገዙ ሻጩ የሚያስሞላችሁ ቅጽ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያው መደብ ይመደባልና፣ እየቃሙ «አልጠቀምም» ብሎ መፈረም ሐሰተኛ ቃል እንደ መስጠት ሊቆጠር ይችላል። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ፣ በቨርጂኒያ የተሰጠ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ስትገቡ እንደማያገለግል እወቁ።

በመሣሪያ ጉዳይ ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሳይቀር ከአገር ሊያስባርር ስለሚችል፣ ከዓቃቤ ሕግ ጋር ተስማምታችሁ ጥፋተኝነትን ከማመናችሁ በፊት መዘዙን ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ ከአገር የመባረር አደጋ ስለ መኖሩ ደንበኛውን ማስረዳት የተከላካይ ጠበቃ ግዴታ እንደሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ወስኗል።