አዲስ አበባ ያለው ቤት አሜሪካ በማቀርበው የባንክራፕሲ (የኪሳራ) አቤቱታ ውስጥ ይገባል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር፣ በመኪና ሰው በማመላለስ የምተዳደር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የሆስፒታልና የክሬዲት ካርድ ዕዳዬ 46,000 ዶላር ደርሷል። መኪናዬ ገና ተከፍላ አላለቀችም፤ ለብድሩም ጓደኛዬ አብሮኝ ፈርሟል። ከ7 ወር በፊት ከወንድሜ የተበደርኩትን 4,000 ዶላር መልሻለሁ። የእቁብ ዕጣም ደርሶኝ ገና የምከፍለው ይቀረኛል። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ በላክሁት ገንዘብ በእናቴ ስም የተገዛ ኮንዶሚኒየም አለ። ባንክራፕሲ ባቀርብ ዕዳዬ ይሰረዛል? ንብረቴና ክሬዲቴስ ምን ይሆናሉ? የአዲስ አበባውን ቤት የግድ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ ጠያቂያችን በመጨረሻ ያነሱትን ጥያቄ አስቀድሜ የምመልሰው የሌሎቹ መልስ ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚመሠረት ነው። አዎን፣ ቤቱን ማሳወቅ ግዴታዎ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የኪሳራ ሕግ በአንቀጽ 541 ባለዕዳው አቤቱታውን ባቀረበበት ዕለት በንብረት ላይ ያለው ማናቸውም መብት፣ ንብረቱ የትም ቢገኝና በማንም እጅ ቢሆን፣ በኪሳራው ሀብት ውስጥ እንደሚጠቃለል ይደነግጋል። ስለዚህ የቤቱ መራቅም ሆነ ካርታው በእናትዎ ስም መሆኑ ከማሳወቅ ነጻ አያደርግዎትም። ቅጾቹን የሚፈርሙት በሐሰት መግለጽ እንደሚያስቀጣ ተነግሮዎት ሲሆን፣ ሀብትን ሆን ብሎ መደበቅ ከዕዳ ነጻ የመውጣትን መብት ከማሳጣቱም በላይ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ጥፋት የመኖሪያ ፈቃዱን ጭምር አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። «አገር ቤት ያለውን ማን ያየዋል» ብሎ የሚመክር ወዳጅ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ገንዘቡ በባንክ ወይም በሐዋላ የሄደ ከሆነ መዝገቡ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ አለ።

ቤቱን በማሳወቅዎ ብቻ ግን አያጡትም። ጉዳዩን እንዲያጣራ የሚሾመው ትረስቲ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ በእርግጥ የማን እንደሆነ ነው። ቤቱን ለእናትዎ በስጦታ ገዝተውላቸው፣ እርሳቸውም የሚኖሩበትና እንደ ባለቤት የሚያዙበት ከሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ የለበትም ብሎ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለ። ነገር ግን ዕዳ ተጭኖዎት ሳለ ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ የተደረገን ስጦታ ትረስቲው ሊያስፈርስ ይችላል፤ የስቴቱ ሕግ ደግሞ ከዚያ ወደ ኋላ ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። በአንጻሩ እናትዎ ኪራዩን የሚሰበስቡት ለእርስዎ ከሆነና ስማቸው የገባውም ለአሠራር እንዲያመች ብቻ ከሆነ፣ ቤቱ የእርስዎ ሀብት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ባለዕዳው ለሚኖርበት ቤት የሚሰጠው የሕግ ጥበቃም ሌላ አገር ያለን፣ እርስዎ የማይኖሩበትን ቤት ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ የግዢ ውሉን፣ የውክልና ሰነድ ካለም እርሱን፣ የሐዋላ ደረሰኞቹንም ሰብስበው ለጠበቃ ያሳዩ። ከአሁን በኋላ ግን የስም ማዛወርም ሆነ የሽያጭ ውል አያድርጉ፤ በዚህ ሰዓት የሚደረግ ማንኛውም እንቅስቃሴ ንጹሑን ጉዳይ እንኳ ማሸሽ ያስመስለዋል።

የአቤቱታው ዓይነት የሚመረጠውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። በቻፕተር 7፣ ማለትም በኪሳራ ሕጉ ምዕራፍ 7፣ ሕግ ከሽያጭ ያልጠበቀው ንብረት ተሽጦ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል፣ ቀሪው ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ በ4 ወር ገደማ ይሰረዛል። የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር ነው፤ ለቻፕተር 7 መብቃትዎን ለማየትም ያለፉት 6 ወራት ገቢዎ በሜሪላንድ ከእርስዎ ጋር እኩል የቤተሰብ ቁጥር ካለው ሰው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። በቻፕተር 13 ግን ንብረትዎን እንደያዙ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚቆይ ዕቅድ በየወሩ ይከፍላሉ። ባለገንዘቦቹ በዚህ ዕቅድ የሚያገኙት ንብረትዎ በቻፕተር 7 ቢሸጥ ከሚያገኙት ማነስ የለበትም። ቤቱ የእርስዎ ነው የሚባል ከሆነ በእኔ አስተያየት የሚሻልዎት ቻፕተር 13 ነው፤ የቤቱን ዋጋ በጊዜ እየከፈሉ እናትዎ ያሉበትን ቤት ከሽያጭ ማዳን ይቻላልና።

ለወንድምዎ የመለሱት 4,000 ዶላርም መገለጽ አለበት። አቤቱታው ከመቅረቡ በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለን ዕዳ ትረስቲው ከዘመዱ ላይ ሊያስመልስ ይችላል፤ ሕጉ አንዱ ባለገንዘብ ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲጠቀም አይፈቅድምና። እርስዎ የከፈሉት ከ7 ወር በፊት በመሆኑ፣ ጉዳይዎ የሚፈቅድ ከሆነ 1 ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ ሕጋዊ አማራጭ ነው። ደመወዝ ሊያዝ ወይም ፍርድ ሊሰጥ የተቃረበ ከሆነ ግን መጠበቁ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ሊበዛ ይችላል።

ወደ ዕዳዎቹ ስመለስ፣ አቤቱታው በቀረበበት ቅጽበት የስልክ ጥሪው፣ ክሱና የደመወዝ መያዙ በሕግ ይታገዳል። የሆስፒታሉና የክሬዲት ካርዱ ዕዳ በመሠረቱ የሚሰረዝ ነው፤ ሆኖም ከአቤቱታው በፊት ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ በካርዱ ላልተፈለገ ነገር የወጣ ወይም በጥሬ ገንዘብ የተወሰደ ካለ እንደ ማታለል ሊታይ ስለሚችል ካርዱን ከዛሬ ጀምሮ አይጠቀሙበት። የልጆች ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና በማታለል የመጣ ዕዳ አይሰረዙም፤ የተማሪ ብድር የሚሰረዘውም ከባድ ችግር መኖሩ በተለየ ክርክር ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሾፌር ግብሩን በየሩብ ዓመቱ ሳይከፍል የቆየ ከሆነ የገቢ ግብሩ ነገር በቀጥታ ይመለከተዋል።

መኪናዎን በተመለከተ፣ ኪሳራው እርስዎን ከግል ተጠያቂነት ያወጣዎታል እንጂ አበዳሪው በመኪናው ላይ ያለውን መያዣ አያነሣም። ስለዚህ መክፈልዎን መቀጠል ወይም መኪናውን መመለስ ይኖርብዎታል። በቻፕተር 7 አበዳሪው ወዲያው ወደ ጓደኛዎ መዞር ይችላል፤ ቻፕተር 13 ግን ለግል ፍጆታ በተወሰደ ብድር አብሮ የፈረመውን ሰው ዕቅዱ እስካለ ድረስ በእገዳው ሊጠብቀው ይችላል። ለሥራ በተወሰደ ብድር ይህ ጥበቃ ስለማይኖር የብድር ውሉ መታየት አለበት።

እቁቡም እንደዚሁ ነው። የሚቀርዎት መዋጮ በሕጉ ፊት እንደ ክሬዲት ካርዱ ዋስትና የሌለው ዕዳ በመሆኑ የእቁቡ ዳኛና አባላት በባለገንዘቦች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ዋስ ካለዎትም ዕዳው ወደ ዋሱ ይሄዳል። አመኔታን ማጣት እንደሚያስጨንቅዎ ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉ የተሰረዘን ዕዳ ባለዕዳው በፈቃዱ ከመክፈል አይከለክለውም፤ ከቻፕተር 7 በኋላ ከሚያገኙት ገቢ የእቁብ ወገኖችዎን መክፈል ከፈለጉ የሚያግድዎት የለም።

ክሬዲትዎን በሚመለከት፣ ቻፕተር 7 አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት፣ ቻፕተር 13 ደግሞ በተለመደው አሠራር እስከ 7 ዓመት በክሬዲት ሪፖርት ላይ ይቆያል። ክፍያ ያቋረጠ ሰው ነጥቡ አስቀድሞ የወረደ ስለሆነ ብዙዎች ከዕዳው ከወጡ በኋላ ቀስ በቀስ ማገገም ይጀምራሉ። በኤፍኤችኤ (በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር) ዋስትና የሚሰጥ የቤት ብድር ለመጠየቅ ቻፕተር 7 ከተጠናቀቀ በኋላ በአጠቃላይ 2 ዓመት መጠበቅ ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ኪሳራን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ብቻ የደነገገው በመሆኑ፣ ተራ ደመወዝተኛ «ከሰርኩ» ማለቱ እንደ ነውር ይሰማው ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ማንኛውም ግለሰብ የሚጠይቀው መብት ነው፤ የግል አሠሪም በዚህ ብቻ ሠራተኛውን ሊያባርር አይችልም።

ከማመልከትዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ተቋም የክሬዲት ምክር መውሰድ ግዴታ ነው። ካመለከቱ በኋላ ትረስቲው በመሐላ በሚጠይቅዎት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ በነጻ ስለሚቀርብልዎ፣ ስለ አዲስ አበባው ቤት በአማርኛ፣ የእናትዎን ሁኔታ ጨምሮ፣ እንዳለ ይንገሩት።