ሴል ሲሳሳት፦ ከአንድ ዓይን ግልገል እስከ ቆዳ ካንሰር፣ ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ ሴሎች ይነጋገራሉ ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አንዱ ሴል ፕሮቲን ይለቃል፣ ጎረቤቱ ይቀበላል። ተቀባዩ ልባዛ ወይስ ልቁም፣ ነርቭ ልሁን ወይስ ቆዳ የሚለውን በዚያ ይወስናል። አንዱ መልእክት ሄጅሆግ ይባላል፣ ጃርት እንደማለት ነው። ኑስላይን-ፎልሃርት እና ቪሻውስ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ይህን መልእክት የሚሠራው ዘረ-መል የተበላሸበትን የዝንብ እጭ ሲያዩት እሾህ በእሾህ ሆኖ አገኙት፣ ስሙም ከዚያ መጣ። በ1995 ኖቤል ተሸልመዋል።

ጥያቄ፦ መልእክቱ ቢቋረጥስ?

መልስ፦ በ1950ዎቹ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ግልገሎች ይወለዱ ነበር። ተመራማሪዎች ዓመታት ፈጅተው ደረሱበት፦ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው 14ኛ ቀን ገደማ አንድ የተራራ ተክል በልተው ነበር። በተክሉ ውስጥ ያለው ሳይክሎፓሚን ሄጅሆግን ያፍናል፣ ያኔ አንጎልና ፊት ግራና ቀኝ ሆነው መከፈል ያቅታቸዋል። በሰውም ይህ ዘረ-መል ሲበላሽ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካንሰር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ፓችድ የሚባል ፕሮቲን ለዚህ መልእክት ፍሬን ነው። ፍሬኑ ሲበጠስ ማንም ሳያዝዘው ሴሉ ተባዛ ተባዛ ይላል፣ ቤዛል ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚነሳው። በ2012 አሜሪካ የፈቀደችው ቪስሞዴጊብ መድኃኒት ደግሞ ሳይክሎፓሚን የሚይዘውን ያንኑ ፕሮቲን ይዞ መልእክቱን ያፍናል። ግልገሎቹን የጎዳው መንገድ ለበሽተኛ መዳኛ ሆነ! ነፍሰ ጡር ግን በጭራሽ መውሰድ የለባትም፣ ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ጀርባዋ ላይ እብጠት ይዛ ተወለደች፣ አከርካሪዋ አልተዘጋም ተባለ። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል። እህቴ ምን አጥፍታ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፋችም፣ እባክሽ ይህን ደጋግመሽ ንገሪያት። አከርካሪና አንጎል የሚወጡበት ቱቦ ፅንሱ ከተፈጠረ በ28ኛው ቀን አካባቢ ይዘጋል። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። መንስኤው ብዙ ነው፣ ዘርም አለበት፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን እጥረትም አለበት። ይህ ችግር በአገራችን በብዛት ይታያል፣ ስለዚህ ለመውለድ የምታስቡ ሁሉ ከእርግዝና በፊት ጀምራችሁ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሌላ ልጅ ብትፈልግስ?

መልስ፦ ትችላለች። የእሷ የፎሊክ አሲድ መጠን ግን ከዚህ በጣም ከፍ ይላል፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ጋ ሄዳ ታሳዝዝ።