ጥያቄና መልስ፦ ሳላውቅ የበላሁት ወተት ጾሜን አፍርሶታልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በዚህ ዐቢይ ጾም ከሰፈራችን ሱቅ «የጾም ነው» ተብዬ የገዛሁትን ብስኩት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከልጆቼ ጋር በሻይ ስበላ ቆየሁ። በኋላ የእኅቴ ልጅ በመጠቅለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ወተት እንዳለበት፣ ኢ471 የሚባለውም የአሳማ ስብ እንደሆነ ነገረኝ። ጾሜ ፈርሷልን? ለመቁረብ እየተዘጋጀሁ ነበር፤ ልተወው ወይ? ባለ ሱቋን «አረከስሽኝ» ብያት ከዚያ ቀን ወዲህ አንነጋገርም።

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። እኔን ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበችኝ በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ብስኩቱ ልናገር፤ ይህ ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ ወዲያም ወዲህም ካሉ ምእመናን በየጾሙ ይደርሰኛልና።

በቅርቡ እዚህ ደሴ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች እንዲሁ ያለ ብስኩት ይዘው መጡ። ጽሑፉ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ያውም መጠቅለያው በሚጣበቅበት እጥፋት ሥር የተደበቀ ስለነበረ አንዱ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ እያጎላ አነበበልን፤ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ «ዌይ» የተባለ ዱቄት፣ ጨው፣ ከዚያም ቁጥሮች። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ የገባው መጀመሪያ፣ ጥቂት የገባው መጨረሻ ይቀመጣል። ልጆቹን ያደናገራቸው «ዌይ» ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ ከሥር የሚቀረው አጓት ነው፤ ፋብሪካው አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል። ስለዚህ የእኅትሽ ልጅ ያየው ይህንኑ ከሆነ በወተቱ ነገር እውነቱን ነው። ወተት በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ በስሙ ብቻ አይመጣም፤ አጓት ሆኖ ይመጣል፣ ላክቶስ ተብሎ የወተት ስኳር ሆኖ ይመጣል፣ ኬዚን ወይም ኬዝኔት ተብሎ አይብ የሚረጋበት ፕሮቲን ሆኖ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያታልላል፤ ለቡና ማንጫ በሚሸጡና በፊታቸው «ወተት የሌለበት» ተብሎ በተጻፈባቸው አንዳንድ ዱቄቶች ጀርባ ሶዲየም ኬዝኔት ተጽፎ ይገኛልና። በኬክ ቤት የጾም ኬክ የምትገዢ ከሆነም ማርጋሪኑ አጓት ያለበት ሊሆን ስለሚችል የካርቶኑን ጽሑፍ ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም።

እግረ መንገዴን ለወሎ ሰው የሚያስደስት አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ዐረብኛ ብቻ ቢጻፍበት አትደናገሪ፤ በዐረብኛ ወተት «ሐሊብ» ነው፣ በግእዛችንም «ሐሊብ» ነው። ከጎረቤት የሰማሽውም ከቅዳሴ የሰማሽውም ያው አንድ ቃል ነው።

በኢ471 ነገር ግን ልጁ ወሬ ሰምቷል። በየሰፈሩ «ኢ ያለበት ሁሉ አሳማ ነው» የሚባለውን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፣ ስንትና ስንት እናትም በዚሁ ስትጨነቅ አይቻለሁ። «ኢ» አውሮፓውያን ለምግብ ጭማሪዎች በሰጡት ቁጥር ፊት የሚያስቀምጡት የአውሮፓ ምልክት እንጂ የእንስሳ ስም አይደለም። በ100ዎቹ ያሉት ቀለሞች ናቸው፣ በ200ዎቹ ያሉት እንዳይበላሽ የሚያቆዩ፣ በ400ዎቹ ያሉት በአብዛኛው የሚያወፍሩ ወይም ዘይትና ውኃን የሚያዋሕዱ ናቸው። ኢ500 እቤትሽ ያለው ሶዳ ነው። ኢ322 ሌሲቲን ሲሆን በብዛት የሚገኘው ከአኩሪ አተር ነው፤ ከእንቁላልም ይወጣል። ኢ120 ግን በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው፤ በደቡብ ትግራይ በለሱን የፈጀው ነፍሳት እርሱ ነው። ኢ471 ከስብ የሚሠራ ማዋሐጃ ነው፤ ስቡ የፓልም ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ሊሆን ይችላል፣ የእንስሳም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይናገርም። አጠገቡ ከዕፀዋት የተገኘ መሆኑ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ። ካልተጻፈና ሕሊናሽ ካመነታ ተዪው፤ ሐዋርያው «የሚጠራጠረው ግን ቢበላ በእምነት ስላልሆነ ተኰንኖአል» (ሮሜ 14፥23) ያለው ለዚህ ይጠቅማል። ቆሎ ቁጥር የለውም።

ስሙ ብቻ የሚያስፈራም አለ። ኢ270 ላክቲክ አሲድ ይባላልና ብዙዎች ወተት ነው ብለው ይሸሹታል። ነገር ግን ለምግብ የሚውለው በአብዛኛው ከስኳር ወይም ከስታርች በማብላላት የሚገኝ ኮምጣጣ ነገር ነው፤ የጤፍ ሊጥሽ አብሲቱ ሳይጣል አድሮ ሲኮመጥጥ በውስጡ የሚፈጠረውም ይኸው ነው። እርሱን ፈርተሽ ብስኩት ብትጥዪ እንጀራውንም ልትተዪ ነው። «ወተት ሊነካው ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያም ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም፤ በዚያው ማሽን ወተት ያለበት ስለሚሠራ ወተት የማይስማማቸው ሕሙማን እንዲጠነቀቁ የተጻፈ ነው። አንቺም በቅበላ ሰሞን ድስትሽን አጥበሽ በዚያው ሽሮ ትሠሪያለሽ።

በከተሞቻችን ሌላ ስሕተትም አለ። አንዳንዱ የሐላል ምልክት ሲያይ «የእስላም ሥጋ አለበት» ብሎ ይመልሰዋል፣ ሌላው ደግሞ «አሳማ ከሌለበት የጾም ነው» ብሎ ይገዛዋል። ሁለቱም አላነበቡም። ምልክቱ ለሙስሊም ወንድሞቻችን በሕጋቸው የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል፤ ወተትና ቅቤ ለእነርሱ የተፈቀደ ነውና ስለ እኛ ጾም ምንም አይነግረንም፣ ብስኩት ላይ ቢታተምም ብስኩቱን ሥጋ አያደርገውም። ከውጭ የሚመጣው «ቪገን» የሚል፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም ማለት የሆነው ምልክት ይሻላል፤ ቢሆንም እርሱ የራሱ ሥርዓት ነው፤ እኛ የማንከለከለውን ማር ይከለክላል፣ ነቢዩ ዳንኤል በሦስቱ ሳምንት ጾሙ ወደ አፉ ያላስገባውን የወይን ጠጅ ግን አይከለክልም (ዳን 10፥3)።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጾም በመጽሐፍም በአባቶችም ትምህርት ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ ዐውቆና ወዶ የሚተወው ነገር ነው። ብዙ ምእመናን ግን ጾምን እንደ ብርጭቆ ያስቡታል፤ ማንም ሳያውቅ ቢነካው ተሰብሮ የሚቀር፣ ፍርፋሪ አጓት በጉሮሮ ስላለፈ የሁለት ሳምንት ስግደትና ጸሎት የሚጠፋ ይመስላቸዋል። እንዲህ ከሆነ የጾማችን ጠባቂ ፈቃዳችን መሆኑ ቀርቶ የብስኩት ፋብሪካው ሊሆን ነው! አንቺ ጠይቀሽ፣ «የጾም ነው» ተብለሽ፣ አምነሽ በላሽ። ይህ ድካም ነው፣ አለማወቅ ነው፤ ጾምን መሻር ግን አይደለም። ካወቅሽ በኋላ ብትቀጥዪ ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥሽ ነበር።

በሌላ በኩል ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ምን አስጨነቀን፣ ጳውሎስ ሳትመራመሩ ብሉ ብሏል» የሚሉ አሉ። ቃሉ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25 ላይ አለ፤ ነገር ግን ሐዋርያው የሚናገረው በገበያ ስለሚሸጥና ለጣዖት ተሠውቶ ሊሆን ስለሚችል ሥጋ እንጂ ስለ ጾም አይደለም። ማንበብ እየቻሉ ሆን ብሎ ዓይንን መጨፈን አለማወቅ አይባልም። ጌታችን ፈሪሳውያንን «ትንኝን የምታጠሩ ግመልንም የምትውጡ» ብሎ ሲገሥጽ (ማቴ 23፥24) ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ትልቁን ሕግ እንዲያደርጉ፣ ትንሹንም እንዳይተዉ ማዘዙን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ስለዚህ ትንኟን አጥሪ፤ ጽሑፉን አንብቢ፣ ማንበብ ባትችዪ ልጅሽ ያንብብልሽ፣ አንዴ በቅንነት ካየሽ በኋላ ተረጋግተሽ ብዪ።

ግመሉ ግን ባለ ሱቋን ያኮረፍሽበት ነገር ነው፤ እኅቴ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር አትቀየሚኝ። ያቺ ሴት ብስኩቱን ያመጣችው ከአከፋፋይ ነው፤ አከፋፋዩ «የጾም ነው» ብሏት ይሆናል፣ ባዕድ ቋንቋውን እርሷም እንዳንቺ አታነበው ይሆናል። አንቺ ሳታውቂ በበላሽው ምሕረት ስትጠብቂ እርሷ ሳታውቅ በሸጠችው ለምን ምሕረት ታጣለች? «አረከስሽኝ» የሚለውንም ቃል ተዪው። ሰውን የሚያረክሰው ከሰው የሚወጣው እንደሆነ ጌታ ተናግሯል (ማር 7፥15)፤ በዚያ ቀን ከአፍሽ የወጣው ወደ አፍሽ ከገባው አጓት ይከፋል። አንድም ቀን ሳይጦም በረመዳን የሙስሊም ጎረቤቱን ደጅ የሚያከብር ሰው ባለባት ወሎ፣ ጿሚዋ ጎረቤቷን በዐቢይ ጾም ስታኮርፍ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ቁርባኑ የሆነውን ሁሉ ለንስሓ አባትሽ ንገሪ፤ ብስኩቱንም ጠቡንም ሳታስቀሪ። እርሱ የሚልሽን ፈጽሚ፤ በራስሽ ፈርደሽ ከሥጋ ወደሙ አትራቂ። ከዚያ በፊት ግን መባውን በመሠዊያው ፊት ትተህ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የሚለውን (ማቴ 5፥24) ታውቂዋለሽና ዛሬውኑ ወደ ሱቁ ሂጂ። ስትሄጂ መጠቅለያውን ያዢና አጓቱ የተጻፈበትን ቦታ በጣትሽ አሳያት፤ ሌሎች ጿሚዎችን ሳታውቅ እንዳታስት ይጠቅማታል። የተረፈውን ብስኩት አትጣዪው፤ የሐላል ምልክት ካለበት ለሙስሊም ጎረቤትሽ ልጆች ስጪ፣ ከሌለበት እስከ ፋሲካ ይቆይልሽ፤ የማብቂያ ቀኑም በዚያው እጥፋት ሥር ይኖራልና እርሱንም እዪው።