የአሜሪካው ካሜራ ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእህቴን ሰርግ ከዋሽንግተን የመጣ ዘመዳችን በሚኒ ዲቪ (በትንሽ ዲጂታል ካሴት በሚሠራ ካሜራ) ቀርጾት፣ ካሜራውንም ትቶልን ሄደ። በቢጫዋ ገመድ ከድሮው ቴሌቪዥናችን ጋር ሳገናኘው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ይሸሻል። አንድ ባለሙያ «ካሴቱ ተበልቷል» አለኝ። እውነት ነው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የተበላ ዲቪ ካሴት ምስሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራርጠዋል እንጂ ቀለሙን ብቻ ለይቶ አይጥልም። የካሜራውን ስክሪን ክፈቺና እይ። እዚያ ቀለም ካለ ካሴቱ ደህና ነው።

የኛ አገር የአናሎግ ሥርዓት ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመርና 30 ገደማ ምስል። ቀለሙን የሚልኩበት መንገድም ይለያያል። ፓል ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ያንን ቀለም ከየት ያምጣው?

ሌላ ቴሌቪዥን ፍለጋ አትንከራተቺ። ፋየርዋየር የሚባለው የዲቪ ካሜራ ገመድ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጊ። ካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል ስለሆነ እንዳለ ይገለበጣል፤ የአንድ ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የካሜራው ዩኤስቢ አያታልልሽ፤ በብዙዎቹ ላይ ለፎቶ ነው የተሠራው። የሚገለብጥልሽ ልጅ «ወደ ፓል ልቀይረው» ካለ እምቢ በይ። ከተቀየረ ሙሽሮቹ ጀልባ ላይ ሲጨፍሩ ትከሻቸው እየተንገጫገጨ ይታይሻል፣ ያውም እስክስታ!

አንድ ነገር ልጨምር። የጣና ዳር እርጥበት ለእነዚህ ካሜራዎች አይመችም። የእርጥበት ምልክት ካበራ ቴፑ ካሜራው ውስጥ ያለው የሚሽከረከር የማንበቢያ ከበሮ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ካሴቱን አውጪና የካሜራውን የካሴት ክዳን ከፍተሽ አንድ ሰዓት ያህል ተዪው።