«ኃይለኛ ውሻ አለ»

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ እንስሳት ሳክም ኖሬያለሁ። ድሮ ሰው የታመመ ውሻውን ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ገና ሳይገዛ ይደውልልኛል። «ዶክተር፣ የትኛው ዘር ነው ኃይለኛ?» ደዋዮቹ ባብዛኛው በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ሮትዋይለር እንበል። ስሙን ያገኘው ሮትዋይል ከምትባል የጀርመን ከተማ ነው። ከብት የሚነዳ፣ የሥጋ ነጋዴ ጋሪ የሚጎትት ሠራተኛ ውሻ ነበር። ጀርመን ሸፐርድም እንደ ስሙ እረኛ ነው። ፒትቡል እርግጥ አመጣጡ ከውሻ ፍልሚያ ነው። ግን በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከፉትቦል ተጫዋቹ ማይክል ቪክ ግቢ ወደ 50 የሚጠጉ የፍልሚያ ፒትቡሎች ሲወሰዱ፣ ይገደሉ ያለው ሰው ብዙ ነበር። አንድ በአንድ ሲፈተሹ አብዛኞቹ ተረፉ። ቤተሰብ ያገኙ፣ ሆስፒታል እየሄዱ በሽተኛ የሚያጽናኑም ወጡባቸው።

ዘር ምንም አይደለም ግን አልላችሁም። እንዲህ የሚሉ ውሻ ወዳዶችም ያናድዱኛል። ትንሽ ውሻ ብትነክስ በፕላስተር ያልፋል። 50 ኪሎ የሚመዝን ከነከሰ ቀዶ ሕክምና ነው።

ቡችላ ሰውን፣ ሕፃንን፣ ሞተርን፣ ጃንጥላን የሚለምደው ከ3ኛ እስከ 14ኛ ሳምንቱ ግድም ነው። እኛ ደግሞ «ሰው እንዳይለምድ» ብለን ልክ በዚያ ሰሞን ጓሮ እናስረዋለን። ያኔ ያልለመደውን ሲያድግ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ይናከሳል። ጀግና መስሏችሁ ከምታደንቁት ውስጥ ስንቱ ፈሪ ነው!

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሮትዋይለሩን በፒካፕ ጭኖ መጣ። ዘበኛውን ነክሶበታል። «መርፌ ወግተው ይገላግሉኝ» አለኝ። ክትባት ወስዷል ወይ ስለው ዝም። ሰው የነከሰ ውሻ ወዲያው አይገደልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ለማወቅ 10 ቀን ተይዞ ይታያል አልኩት። ዘበኛው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አለመታጠቡን ስሰማ በቶሎ ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬ ላክሁት። ለልጁም የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2071 ነገርኩት። ውሻው አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። «በር ላይ እኮ ኃይለኛ ውሻ አለ ብዬ ለጥፌያለሁ» አለኝ።

ውሻውን አደንዝዤ የአንገቱን ፀጉር ስገልጥ ጣቴ ብረት ነካ። ቡችላ ሳለ ያጠለቁለትን ማሰሪያ ያላላለት ሰው የለም። አንገቱ እያደገ ሥጋው በላዩ ላይ ገጥሟል። ሽታው አይጣል ነው። ዘበኛው ሰንሰለቱን በሳበ ቁጥር የሚስበው ያንን ቁስል ነበር። ቆርጬ አውጥቼ ለማጽዳት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ልጁ ጥግ ቆሞ ያያል፤ አንድ ቃል አልወጣውም።

10 ቀኑ አለቀ። ውሻው ደህና ነው፤ ክትባቱንም ሰጠሁት። ስፌቱን ስፈታለት እጄን አሸተተና ተኛ። ልጁ ጠጋ ብሎ ሲያየው ቆየ።

«ዶክተር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለማዳ ሆኖ እንዳይቀርብኝ?»