የሰካነው ዕቃ አልታይ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሃርድ ዲስክ፣ ማውስ፣ ሞኒተርና ፕሪንተር ከጠየቃችሁኝ መካከል የብዙዎቻችሁ ችግር የሚመስሉኝን መርጫለሁ። አደራ፣ ዕቃውን «ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ኬብሉን ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ስልኬን ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው ቻርጅ ያደርጋል፤ ፎቶዎቼን ግን አያሳየኝም። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

አይመስለኝም። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር። ተራ የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጡ 4 ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ ለዳታ። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች ግን የዳታ ሽቦ የላቸውም። ከውጭ ሲታዩ ምንም ልዩነት የለም። እኔ እንዲህ ያለ ኬብል ሲያጋጥመኝ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር እጠመጥምበታለሁ፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ። በሌላ ኬብልም እምቢ ካለህ የስልኩን ቁልፍ ክፈት፤ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ሳብ አድርግ፣ ስለ ዩኤስቢ የሚለውን ማሳወቂያ ንካና ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ምረጥ። አብዛኛው አንድሮይድ ሲሰካ ቻርጅ ብቻ ላይ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ሃርድ ዲስኬን ስሰካው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነው፤ እባክህ እርዳኝ።

አይዞሽ፣ ቀስ ብለን እንየው። በመጀመሪያ ደግሞ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» (ያለውን ላጥፋና እንደ አዲስ ላዘጋጀው ማለት ነው) ብሎ ቢጠይቅሽ እሺ እንዳትዪ!

ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ከቆመበት ሲነሣ፣ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ከሚፈልገው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) እንዲሰጥ የተወሰነለት 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ የ3.0ው 900። ኃይሉ ካነሰው ዲስኩ ሊነሣ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል። የምትሰሚው ድምፅ ይህ ሊሆን ይችላል። የራሱ የኃይል ገመድ በሌለው ሀብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ የሚያካፍል ማከፋፈያ) ላይ ከሰካሽው ደግሞ ይብሳል፤ አንዲቷን ፖርት ከኪቦርዱም ከማውሱም ጋር ይሻማል።

ስለዚህ ሀቡን ተዪውና በአጭር ኬብል በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል ይሁን፤ የኋላዎቹ ፖርቶች ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ የፊቶቹ ግን በተጨማሪ ሽቦ ነው የሚገናኙት። ከተነሣልሽ ሌላ ነገር ሳትሠሪ ፎቶዎቹን ወዲያው ቅጂ። ሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው ድምፅ ከቀጠለ ግን ንቀዪውና አቁሚ። የተጎዳ ዲስክን ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ዳታ የሚያወጣ ባለሙያ ነው የሚነካው።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ስሰካ ሽቦ አልባው ማውሴ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ምን አገናኛቸው?

ይገናኛሉ! ፍላሽህ ዩኤስቢ 3.0 ከሆነ፣ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራል። ብዙዎቹ ሽቦ አልባ ማውሶችም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው። የማውሱን መቀበያ ከፍላሹ አርቀህ በሌላው ጎን ሰካው፤ ወይም በአጭር ማስረዘሚያ ወደ ማውሱ አስጠጋው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ታይፕ ሲ አለው፤ ሞኒተር ስሰካበት ግን ምስል የለም።

የቀዳዳው ቅርጽ አንድ ስለሆነ ሥራውም አንድ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ታይፕ ሲ ምስል ያወጣል፣ አንዳንዱ አያወጣም። ከፖርቱ አጠገብ የዲስፕሌይፖርት (ፊደል D እና P የሚመስል) ወይም የተንደርቦልት (የመብረቅ ቅርጽ) ምልክት ካለ ያወጣል። ምልክት ከሌለ የላፕቶፕህን ሞዴል መግለጫ አንብብ። ኬብሉም ምስል የሚያሳልፍ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ክብ መሰኪያ ያለው የድሮ ኪቦርድ አለኝ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ብሰካው አይነበብም።

አባቴ፣ እሱ ፒኤስ 2 ይባላል፤ እንደ ዩኤስቢ እየበራ እንዲሰካ አልተሠራም። ኮምፒውተሩን ያጥፉት፣ ይሰኩትና ያብሩት። በሚሰኩበት ጊዜ ቀጫጭን እግሮቹ እንዳይጣመሙ ቀስ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ፕሪንተር ስገዛ ኬብሉን ላስቀድም ወይስ ድራይቨሩን?

መመሪያውን እይ። ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ይቀድማል፤ ሲጭን ራሱ «አሁን ሰኪ» እስኪልሽ ጠብቂ። ቀድመሽ ሰክተሽው ከሆነና አልሠራ ካለ፣ ከፕሪንተሮች ዝርዝር ውስጥ አጥፊው፣ ኬብሉን ንቀዪና እንደገና ከድራይቨሩ ጀምሪ።