ቱሉ ጉዶ ወይስ ደብረ ጽዮን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በቅርቡ ዝዋይ ሄደን ነበር። ጀልባ ነጂው ትልቁን ደሴት «ቱሉ ጉዶ» ሲለው አስጎብኚው «ደብረ ጽዮን» ይለዋል። አብሮን የነበረ ሰው ደግሞ «ጉዶ ማለት እኮ ከዮዲት ጉዲት የመጣ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው? ደሴትስ እንዴት ደብር ይባላል?

መልስ፦ ጓደኛህ ምን እንዳሳሳተው ይገባኛል። በአካባቢው የሚነገረው ትውፊት፣ በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዚህ ደሴት ላይ አስቀመጧት ይላል። ይህን የሰማ ሰው «ጉዶ» ሲባል ጉዲት ብትመጣበት አይፈረድበትም። ግን የለችበትም። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ ቱሉ ተራራ ወይም ኮረብታ፣ ጉዶ ደግሞ ትልቅ። አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው ዘመድ ካለህ፣ ያው ቱሉ ነው፤ «ቀዩ ኮረብታ»።

ወደ ደብር እንምጣ። ዛሬ ደብር ሲባል ጆሯችን የሚሰማው አለቃና ካህናት ያሉት ቤተ ክርስቲያን ነው። በግዕዝ ግን ደብር ተራራ ነው። መነኮሳት ተራራ ስለሚወዱ ስሙ መጀመሪያ ወደ ገዳም፣ ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ፣ ደብረ ዘይት የወይራ ዛፍ ተራራ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ስንደርስ ግን ተራራው ቀርቷል፤ የድሮው መንቆረር ይህን ስም ያገኘው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዝዋዩ ደብረ ጽዮን ሁለቱንም ትርጉም ይዟል፤ ማርያም ጽዮንም አለች፣ ተራራውም አለ። እና አየኸው? አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በግዕዝ ጠራው እንጂ፣ ሁለቱም ያዩት ከውሃ መሀል የወጣውን ያንኑ ተራራ ነው።

ከጎረቤት ደሴቶች ሁለቱ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ፤ ከመጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው። እኔ ገሊላን እወዳታለሁ። ዓሣ አጥማጆች ለሚኖሩበት የሐይቅ ደሴት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የትውፊቱ ወዳጆች አትቀየሙኝ። እነዚህ ስሞች የሚነግሩን ቤተ ክርስቲያን እዚያ መተከሏን ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ናቸው፤ ቋንቋቸው ለስልጤ፣ ለወለኔና ለሐረሪ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ማለትም እንደ አማርኛ ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች የደቡቡ ቅርንጫፍ። ግዕዝና ትግርኛ በሰሜኑ በኩል ናቸው። ካህናቱ ከአክሱም መጥተው ሊሆን ይችላል፣ ልጆች ቤት ውስጥ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ግን ከአክሱም አልመጣም። በ16ኛው መቶ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያ ተጠልለዋል የሚልም ታሪክ አለ፤ ደሴት መቼም አንዴ ብቻ አይሰፈርበትም።

ስትጽፍ «ቱሉ ጉዶ ደሴት» በል። «ቱሉ ጉዶ ተራራ» ካልክ ተራራውን ሁለቴ ጠራኸው ማለት ነው፤ ግን የባሌውን፣ 4,377 ሜትር የሚረዝመውን ቱሉ ዲምቱን ሁላችንም «ቱሉ ዲምቱ ተራራ» ስለምንለው አልቆጣህም።